ዘነበች እስክትሰድበኝ ድረስ

የገና ዋዜማ፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን ይለቃል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ ፍራሽ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች ይቀበላል። የበዓል ተጓዥ ይሳሳቃል፣ ይጋፋል፣ ስለ ወንበር ይጨቃጨቃል። እኔ አልተጋፋሁም። የሚጋፋው ለመድረስ የሚቸኩል ሰው ነው።

ከአርባ ምንጭ ስወጣ ዳግመኛ ላልመለስ ቆርጬ ነበር። አሁን የሚመልሰኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የደወለልኝ ከኩልፎ ወንዝ አጠገብ ያለችው የባፕቲስት ቤተክርስቲያናችን ፓስተር ነው። ስሙን ብጽፈው ደስ ስለሚለው አልጽፈውም። ያቺ ቤተክርስቲያን ስትሠራ ሟቹ ባሌ ድንጋይ በትከሻው አመላልሷል፤ እኔም የሴቶችን ኅብረት ለብዙ ዓመት መርቻለሁ። ጥያቸው ከወጣሁ ወዲህ ግን ከዚያ ቤት አንድ ሰው «እንደምን አለሽ?» ብሎኝ አያውቅም። ፓስተሩ ሲደውል ድምፁ ማር ይንጠባጠብበት ነበር።

«እህት ወይንሸት፣ የዘንድሮን ገና ከእኛ ጋር አክብሪ። ከመልእክተኞቻችን የመጣ ዜና አለ። በስልክ የሚነገር አይደለም፤ አንቺ ራስሽ መምጣት አለብሽ።»

ቤተክርስቲያኗ ወደ ውጭ ከላከቻቸው የወንጌል መልእክተኞች አንዷ ልጄ ናት። ያለችበትን አገር በመድረክ እንኳ ስሙን አይጠሩትም፤ «ያ አገር» ብቻ ይላሉ። እዚያ መስበክ ያሳስራል፤ ከዚያም የባሰ አለ። ስለዚህ የልጄንም ስም እዚህ አልጽፍም። ወር ሊሞላ ነው ድምፅዋን ካልሰማሁ። በስልኬ የላክሁላት መልእክት ሁሉ አልደረሰም፤ አንዲት ምልክት ላይ ቆሞ ቀርቷል።

እኛ አገር በስልክ የማይነገር ዜና አንድ ብቻ ነው።

መርዶ የሚነገረው ሰው በሰበብ ይጠራል፤ «ና፣ እንፈልግሃለን» ይባላል፤ ፊት ለፊት፣ በሰው መካከል ይነገረዋል። ይህን ማንም ያውቃል። እኔ ግን ከማንም ይበልጥ አውቃለሁ፤ በአመራር ዘመኔ መርዶ ለመንገር የምላከው እኔ ነበርኩ። ሥራው ሥርዓት አለው። ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ክንድ ይይዛል፣ አንዷ ውኃ ይዛ ትቆማለች። ከሁሉ በፊት ግን ደግ ፊት ያስፈልጋል። የተጣላ እንኳ በዚያ ቀን ጥሉን ይተዋል።

ለዚህ ነው የፓስተሩ ማር ጉሮሮዬ ላይ የቆመው። ሊጠላኝ በሚገባው ቀን ወደደኝ። ልጠይቀው አልቻልኩም፤ ያንን ጥያቄ የሚያወጣ አፍ የለኝም። «እሺ» አልኩና ዘጋሁት።

ሆሳዕና፣ ረፋድ

ቡታጅራን ስናልፍ ፀሐይዋ ወጣች። በየመንደሩ በራፍ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት ይታያል። አጠገቤ የተቀመጠችው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ የከረመች ልጅ ናት፤ በዓሉን ከወላጆቿ ጋር ልታሳልፍ ወደ ጨንቻ ትሄዳለች። ከመነሳታችን ጀምሮ በመስኮቱ በኩል ተደላድላ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ከትታ፣ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ማዘር፣ ለበዓል ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

ለማላውቀው ሰው ጉዳዬን አላወራም። ግን ከጥሪው ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም ነበርና አመለጠኝ። «ልጄ ውጭ አገር ናት። ቤተክርስቲያን ጠርተውኝ ነው። ዜና አለ፣ በስልክ አይነገርም አሉኝ።»

ልጅቷ መቆርጠሟን አቆመች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። ከዚያ ተነሳችና የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችልኝ። እዚህ አገር ከአዲስ አበባ የያዘውን መስኮት ያለ ምክንያት የሚለቅ ሰው አላየሁም።

ሶዶ፣ ምሳ

ልጅቷ ለረዳቱ ሹክ ሳትለው አልቀረችም። ከሆሳዕና በኋላ ረዳቱ ዕቃዬን ከእግሬ ሥር አንስቶ ራሱ ሰቀለልኝ። ከኋላ ዘፈን ሲያስጮህ የነበረው ጎረምሳ ስልኩን ዘጋ። ሶዶ ምሳ ስንወርድ ሹፌሩ ክንዴን ይዞ ደረጃውን አወረደኝ፤ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ እንጠብቅዎታለን» አለኝ። የአውቶቡስ ሹፌር ተሳፋሪ ሲጠብቅ!

የሶዶ ምሳ ቤት ዋዜማ ነው ብሎ ሥጋ አያጣም። ጥብሱ በዳጣ ቀረበልኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያንን ዳጣ በእንባ እበላዋለሁ። ሳህኑን ገፋ አድርጌ የድሮውን ነገር ሳመነዥክ ተቀመጥኩ።

ልጄን ሊልኳት የወሰኑት እኔን ሳይጠይቁ ነው። የሰማሁት ከሌላው ምእመን ጋር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እንደ እንግዳ ነው። እጅ ሊጭኑባት ሲያንበረክኳት ተነሳሁና «አልፈቀድኩም» አልኩ። ጮኸች ይሉኛል፤ ድምፄ ድሮም ትልቅ ነው። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ዘነበች ተነሳች። ዘነበች ጎረቤቴ ናት፤ ኩልፎ ውስጥ አንድ ቀን ነው የተጠመቅነው፤ ልጄን ወልጄ በታመምኩ ጊዜ ከራሷ ልጅ ጋር ያጠባቻት እሷ ናት። በጉባኤው ሁሉ ፊት «አንቺ ሴት፣ ለጌታም ትሰስቻለሽ?» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። ልጄ እንደ ተንበረከከች ቀና ሳትል ቀረች። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

ልጄ ሄደች። እኔም ቤቱን አከራይቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ዘነበችን ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኳትም።

ጫኖ፣ ከሰዓት በኋላ

ከሶዶ ወደ ታች አየሩ ይከብዳል። በቀኝ የጋሞ ተራሮች፣ በግራ አባያ ሐይቅ፣ ቀይ ሸክላ የተበጠበጠበት የሚመስል ውኃ። ከዚያ መንገዱ ሙዝ ውስጥ ይገባል። ጫኖ ስንደርስ ግራ ቀኙ የሙዝ ማሳ ነው፤ ቦዩ ዳር ጋሪዎች ቆመዋል፤ ዘለላው በቅጠል ላይ ተደርድሯል። ሹፌሩ ለበዓል የሚገዛ እንዲገዛ አቆመ።

አንዲት የጋሞ ሴት ዘለላ በመስኮቴ አስገባችልኝ። «እማዬ ውሰድ፣ ጣፋጭ ነው፣ ለልጅ ይሆናል።»

ቦርሳዬን መክፈት አቃተኝ። የአጠገቤ ልጅ ከፈለችልኝና ሙዙን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ትንሽ ሳለች ከዚህ ከጫኖ ሙዝ ሳልገዛላት አላልፍም ነበር። አቅፌው ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአርባ ምንጩ ሲቀላ መናኸሪያ ብቻ ነው፤ አውቶቡሱ እንዲበላሽ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

ሲቀላ፣ አመሻሽ

አልተበላሸም። ሲቀላ መናኸሪያ በባጃጅ ተጥለቅልቋል፤ ገበያተኛው በግ ይጎትታል፤ የሚኒባስ ረዳቶች «ሴቻ! ሴቻ!» ይላሉ። በመስኮቱ አየኋቸው። ሦስት ናቸው። ፓስተሩ ከነኮቱ፤ አጠገቡ አንድ የማላውቀው ዲያቆን፤ ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ወጣት ሴት። በእጇ የውኃ ፕላስቲክ ይዛለች።

ሰዉ ሁሉ ወረደ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። እስካልወረድኩ ድረስ ልጄ አልሞተችም።

«እማማ፣ ደርሰናል» አለኝ ሹፌሩ፣ ቀስ ብሎ።

አወረዱኝ። ፓስተሩ አቀፈኝ፤ ያ በጉባኤ ፊት «ተቀመጪ» ያለኝ ሰው አቀፈኝ። ዲያቆኑ ቦርሳዬን ተቀበለ፤ ቦርሳው ቀላል ነው፣ ግን ክንዴንም ጨምሮ ያዘ። ባጃጅ ውስጥ ማንም ስለ ልጄ አላነሳም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ። እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው፤ ሰውየው እስኪቀመጥ ድረስ ስለ ሙቀት ነው የሚወራው።

ወዴት እንደሚወስዱኝ ጠየቅኩ። «የምታርፊው እህት ዘነበች ቤት ነው» አለ ፓስተሩ።

የዘነበች ግቢ በመንደሩ ሰፊው ነው። ድንኳን ሲተከል እዚያ ነው የሚተከለው።

ዘነበች ቤት

ድንኳኑ ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ትልልቅ ብረት ድስቶች እሳት ላይ ተጥደዋል፤ ሴቶች ዝም ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቷል። እኔን ሲያዩ ተነሱ። ዲያቆኑ ደገፈኝ። በሩ ላይ ስደርስ ዘነበች ከጓዳ ወጣች፤ አርጅታለች፣ ሽርጥ ታጥቃለች። ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«መጣሽ?» አለች። «ጫማሽን አውልቂ፤ አሁን ነው የወለወልኩት።»

ፓስተሩ «እህት ዘነበች…» ብሎ ሊያቋርጣት ሞከረ።

«ምን እህት ዘነበች? ምሳው ቀርቦ በረደ። ይህች ሴት ድሮም ካልተለመነች አትመጣም።» ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ ስሚ። ነገ ጉባኤ መካከል ተነስተሽ እንዳትጮኺ። ዘንድሮ ድምፅ ማጉያው አዲስ ነው፤ የሚፎካከርሽ አለ።»

በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ልጇ የሞተባትን እናት እንዲህ የሚል አፍ የለም። ዘነበችን አውቃታለሁ፤ ያቺ ያጠባቻት ልጅ ሞታ ቢሆን ኖሮ እግሬ ላይ ትወድቅ ነበር እንጂ ስለ ወለል አታወራም።

«እስኪ ድገሚው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ያልሽውን።»

«አብዳለች» አለች ለፓስተሩ። «መንገድ ላይ አብዳ መጣች።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከወጣቷ እጅ ውኃውን ነጥቄ ጠጣሁት፤ ለካ የያዘችው ለሙቀቱ ነበር። ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩ።

ፓስተሩ ያን ጊዜ ተናገረ። ልጄና ባልደረቦቿ ያ አገር ውስጥ ታስረው ነበር። አሁን ተለቀዋል፤ ድንበር ተሻግረዋል፤ ነገ በገናው ጉባኤ ላይ በስልክ ትናገራለች፤ ድንኳኑም ለገናው ግብዣ ነው የተተከለው። መልእክተኞች ድንበር እስኪሻገሩ ድረስ ነገራቸው በስልክ እንዳይወራ መመሪያ አለ፤ ለዚያ ነው የጠራኝ።

«በሕይወት አለች ማለት ግን ትችል ነበር» አልኩት። «ሁለት ቃል ነው።»

መርዶ መስሎኝ እንደመጣሁ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ዘነበች «ሰው እንዲህ አይጠራም ብዬሃለሁ» አለችው። ከታሰሩ ጀምሮ ቤተክርስቲያኑ በሙሉ አውቆ በየሳምንቱ ሲጸልይላት ከርሟል፤ እናቷ ብቻ አልሰማሁም። ዘነበችን ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ያዝኳት። «ብቻሽን ቤት ዘግተሽ እንድትሞቺ ነው?» አለችኝ። ይህን አልተውኩላቸውም፤ ለእሷም ለእሱም።

ገና፣ ጠዋት

አዳራሹ በወረቀት ኮከብ አጊጧል። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ይተራመሳሉ፤ ከግቢው የወጥ ሽታ ይገባል፤ መዘምራኑ ከወትሮው አርዝመው ዘመሩ። እኔ ከኋላ ልቀመጥ ስል ዘነበች ጎትታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ፓስተሩ ስልኩን ወደ ማይክራፎኑ አስጠጋ። መጀመሪያ ነፋስ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ፍርሃቱ ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ሰዎቹ ተታልለው ይሆናል፣ ሌላ ልጅ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን» አለ የልጄ ድምፅ። ትንሽ ሻክሯል። «እናቴ አለች?»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። ዘነበች በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

«አሁን ጩኺ» አለችኝ።

«አለሁ!» አልኩ። አዲሱን ድምፅ ማጉያ ሳልበልጠው አልቀረሁም። ሰዉ ሳቀ፤ እነዚያው የድሮዎቹ። ልጄም ከዚያ ማዶ ሳቀች፤ ሳቋ የአባቷ ነው።

ብዙ አልተናገረችም። ደህና ነኝ አለች፤ ያሰሯትን ሰዎች እንኳ አላማችም። ወደ ቤት እንደምትመጣ ጠብቄ ነበር። ጥቂት አርፈው ወደ ሌላ አገር እንደሚያልፉ ነገረችን። ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔ አላልኩም።

አዲስ አበባ

በማግስቱ ተመለስኩ። ፓስተሩ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አስብበታለሁ አልኩት፤ እያሰብኩበት ነው።

አሁን ልጄ ያለችበትን አገር ስም እንኳ አላውቀውም። ሰሞኑን ስልኬ ጮኸ፤ ፓስተሩ ነው። «እህት ወይንሸት፣ እንደምን አለሽልን?» አለ፤ ያው ማር ድምፅ። የሚቀጥለውን ሳልሰማ ዘጋሁትና ዘነበች ጋ ደወልኩ።

«ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። «ሙዝ በሰው ብልክልሽ ደረሰኝ እንኳ አላልሽም። አንቺ እኮ ሲሰጡሽ ዱዳ፣ ሲከለክሉሽ መለከት ነሽ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስክትጨርስ ድረስ ጆሮዬን ከስልኩ ላይ አላነሳሁም። ከዚያ ሙዝሽ በስብሶ ነው የደረሰው አልኳትና ዘጋሁት። አልበሰበሰም ነበር።