ሊታሹ መጥተው እኔን አሽተውኝ የሄዱት እናት

ዛሬ ለመታሸት የመጡ እናት እኔኑ አሽተውኝ ሄዱ። እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነኝ።

እንደምታውቁት ሮቤ ከተማ ባለው ቤቴ ሴቶችን ዱዓ እያደረግኩ በቅቤ አሻለሁ። ያሸሁት ሰው ሕመም እኔ ትከሻ ላይ የሚያድር ስለሚመስለኝ፣ በቅርቡ "አርብ አርብ አላሽም" ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ የቤቴ በር ላይ ለጠፍኩ።

ዛሬ አርብ ነው። አዴ ዘሃራ የሚባሉ እናት ጉልበታቸውን አሟቸው ከጎባ መጡ። ወረቀቱን ሳሳያቸው "እኔ ማንበብ የት አውቄ ልጄ?" አሉኝ። (ከሚመጡልኝ እናቶች ስንቱ ያነባል? ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር!)

"አርብ አርብ አላሽም ነው የሚለው። ይቅርታ አዴ፣ ዛሬ እኔም ትከሻዬን አሞኛል" አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ያልኩት እንዲሄዱልኝ ነበር።

"ያ ረቢ! አንቺንስ ማን ያሽሻል?" ብለው አስቀመጡኝ። የራሴን ቅቤ ከፍተው ትከሻዬን እያሹ ዱዓ አደረጉልኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ጉልበትዎንስ አዴ? ይምጡ ልሽዎት" ስላቸው እሺ አላሉም።

"ዛሬ አርብ ነው አላልሽም? ነገ እመጣለሁ" ብለው እያነከሱ ወጡ።

ትከሻዬ ለቆኛል። ወረቀቱን ግን ልቅደደው ወይስ ልተወው? ደግሞ እሳቸው አክብረውልኛል፤ እንዴት እቀደዋለሁ?

እናንተስ፣ "ዛሬ አልችልም" ያላችሁት ሰው እንዲህ አድርጓችሁ ያውቃል?