የገዳሪፉ ምሳ

አጎቴ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልቀመሰ፣ የማንንም ቤት እህል ወደ አፋቸው አያደርሱም ነበር። ሰም ሊሸጡ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሲሄዱ ዓይኔን ለሐኪም ሊያሳዩልኝ ይዘውኝ ሄዱ። ሰሙን የሚገዛው ነጋዴ ምሳ ጋበዘን፤ ፉል የሚባል የባቄላ ወጥ ከዳቦ ጋር ቀረበ።

«ይብሉ እንጂ አያ!» አለ ነጋዴው በተሰባበረ አማርኛ። «በአገራችን እንግዳ ሳይጀምር ባለቤት አይነካም።»

አጎቴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ምነው ራሱ ፈራው? ሳቁም አላማረኝ» አሉኝ።

ምሳው ቀዘቀዘ፤ የነጋዴውም ፊት ጠቆረ። ሰሙ ሳይሸጥ እንዳይቀር ሰግቼ፣ ወንዶች ፊት መብላት የማፍረው እኔ ቆርሼ ጎረስሁ። አጎቴ ደንግጠው በእጄ የቀረውን ነጠቁኝና እሳቸውም ጎረሱት።

«ከሞትንም አብረን እንሙታ!» አሉ።

እሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ በእርጅና ካረፉ ወዲህ የምበላውን የሚጠረጥርልኝ ሰው የለም።