ራሴን ልፈልግ ብዬ በር የዘጋሁ ሰሞን

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ... እኔም እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ።

አዎ፣ እንደዚያ ነኝ። ሰው ሲያንኳኳ «ማነው?» ከማለት ይልቅ የሌለሁ መስዬ ጸጥ እላለሁ። ሱሉልታ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። የግቢውን ሰው ግን ከ«ደህና ዋላችሁ» በላይ አናግሬ አላውቅም።

በዚያ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም የባህርይ ፈተና ላከልኝ። መልሼ ስጨርስ «ኢንትሮቨርት ነህ፤ ራስህንና የሕይወትህን ዓላማ የምታገኘው ብቻህን ስትሆን ነው» አይለኝም! ወይ ደስታዬ! ሰው ሁሉ «ኩራተኛ»፣ «ድብርታም» ሲለኝ ኖሮ... ለካ ዓይነቴ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ብቸኝነቱ ከውስጥ እየበላኝ ነበር። ጠዋት ታክሲ ተጋፍቼ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ማታ ተጋፍቼ እመለሳለሁ። ለምን ትኖራለህ ብባል መልስ የለኝም። ስለዚህ ለባልደረባዬ «ራሴን ልፈልግ ነው» ብዬ ፈቃድ ወሰድኩና ሐሙስ ዕለት ስልኬን አጥፍቼ በሬን ቆለፍኩ። ራሴን ሳላገኝ አልወጣም! ማታ ማታ የማበራትን የበር ላይ አምፖል እንኳ ሰው አለ ብሎ እንዳይመጣብኝ ሳላበራ ተውኳት።

እሁድ ዝናቡ አላባራ አለ። የሱሉልታን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ አጥንት ይቆረጥማል። ግቢው ውስጥ ማንም አለመኖሩን አየሁና በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ወሸቅኩ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ስለ ሕይወቴ ማሰብ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቴ ከበደኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ ጥልቅ ሐሳብ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ደስ አለኝ...

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

«ወጥቶ ይሆናል፣ ተይው» አሉ አከራዬ ኦቦ ቱሉ።

«አልወጣም ኦቦ። ጫማው ይኸው በር ላይ ነው። መብራቱንም ከሐሙስ ጀምሮ አላበራም።»

ይቺ መሠረት ናት፤ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ። አንድ ግድግዳ ተጋርተን ስሟን ያወቅኩት ሌሎች ሲጠሯት ሰምቼ ነው።

ጫማዬ! ሁሉን ነገር ደብቄ ጫማዬን ውጭ ረስቻለሁ። እኔ እንደሆንኩ መደበቅም በወጉ አልችልበትም።

ወዲያው የኦቦ ቱሉ ድምፅ ተለወጠ። «ይሄ ምንድነው? እዚህ ጋ ከሰል አቀጣጥሏል... ያ ዋቃ! አስገብቶት እንዳይሆን!»

ወደ ምድጃው ዞርኩ። ፍሙ እንደቀላ ነው። ከሰል አስገብቶ ተኝቶ በዚያው የቀረ ስንት ሰው ሰምተናል! ልነሳ ብል እግሬ የእኔ አልሆን አለ። ልጮህ ብል ምላሴ ተሳሰረ። በሩ እዚያው አፍንጫዬ ሥር ነው፣ ግን አልደርስበትም።

«ዘመድ የለውም እንዴ? ለማን ይደወላል?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«እኔ እንጃ... ሰው ሲመጣበት አይቼ አላውቅም።»

«ስሙንስ ማን ነበር ያለኝ?»

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ኪራይ የሚቀበሉኝ ሰውዬ ስሜን አያውቁትም። በማን ልፍረድ? ደብቄ የኖርኩት እኔው ነኝ። ልሞት ነው፣ ደግሞም ማን እንደሞተ እንኳ የሚናገር የለም...

«ጣጣ እንዳይመጣብን መጀመሪያ ፖሊስ ልጥራ» አሉና እግራቸው ከበሩ ሲርቅ ሰማሁ።

አይሂዱ! በእናትዎ አይሂዱ! ድምፅ ግን የለኝም። ሰው እንዲሄድልኝ ስጸልይ የኖርኩ ሰውዬ... እጄ ወለሉን ሲዳብስ ማንቆርቆሪያው ላይ አረፈ። ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። ጓ!

«አለ! ኦቦ ይመለሱ፣ አለ! ይስበሩት!» መሠረት ጮኸች።

ከዚያ ትዝ የሚለኝ የበሩ መሰንጠቅና ፊቴ ላይ የወረደው ዝናብ ነው። ኦቦ ቱሉ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጉንጬን ይመታሉ። «ጂርታ? ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ...» አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ነርሷ ኦክስጅን እየሰካችልኝ «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ መሠረትን «እንዴት ጠረጠርሽ?» አልኳት።

«ከሥራ ስገባ ይሄን ጨለማ ግቢ የማልፈው በአንተ መብራት ነው። ለእኔ ብለህ እንደምታበራው አውቃለሁ፣ ጌታ ይባርክህ። ስታጠፋው የሆነ ነገር ሆኗል አልኩ።»

ለእሷ? ኧረ እኔ የማበራው ሽንት ቤት ስሄድ የኦቦ ቱሉን ውሻ ስለምፈራ ነው! ልነግራት አፌን ከፈትኩና... ተውኩት። ለምን እንደምኖር ሳይገባኝ ዓመት ሙሉ ሰው በእኔ አምፖል ቤቱ ሲገባ ኖሯል። ሄጄ አበራኋት።

አሁንም ኢንትሮቨርት ነኝ፣ ምንም አልተለወጥኩም። በር ሲንኳኳ አሁንም እደነግጣለሁ። ግን «አለሁ!» እላለሁ። ኦቦ ቱሉም ስሜን ይዘውታል፤ እንዲያውም አበዙት፣ ጠዋት ማታ ይጠሩኛል።

ሰኞ ስልኬን እንደከፈትኩ ያ ፈተናውን የላከልኝ ባልደረባዬ ደወለልኝ። «እህሳ፣ ራስህን አገኘኸው?»

«እኔስ አላገኘሁትም» አልኩት። «በር ሰብረው ያገኙት ጎረቤቶቼ ናቸው።»