በብርጭቆ ይዤ የሄድኩት ዘይት

ትናንት ከሰዓት መርሳ ከተማ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አዋረድኩ... ፊታቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ባጃጅ ነው የምነዳው። ጠዋት ከጋሽ ይመር ሱቅ አዲስ የሞተር ዘይት ገዝቼ ቀየርኩ። ስቀዳው ወፍራም፣ ደስ የሚል ነበር። በዚያ ፀሐይ ሲሪንቃ ደርሼ ስመለስ ግን የሞተሩ ድምፅ አላማረኝም። ከሻይ ቤት ብርጭቆ ለምኜ፣ ሞተሩ እንደጋለ ከሥር ቡሎኑን ላላ አድርጌ ትንሽ ቀዳሁ። ውሃ! ውሃ ሆኖ ወረደ።

ደሜ ፈላ። ብርጭቆውን በጨርቅ ይዤ ሱቃቸው ገባሁ።

«ጋሽ ይመር! ናፍጣ ቀላቅለው ነው እንዴ የሸጡልኝ?»

«ኧረ ወላሂ ልጄ፣ እንደታሸገ ነው የሰጠሁህ!»

እውነታቸውን ነው... ክዳኑን የከፈትኩት ራሴ ነኝ። ግን ማን ሊሰማ? ጩኸቴን ቀጠልኩ።

ለውሃ ፓምፕ ዘይት ሊገዙ የመጡ ሁለት ገበሬዎች ቆመው ነበር። አንደኛው «አሃ! የኔ ፓምፕ ነክሶ የቆመው ለካ በዚህ ነው!» ብሎ የያዘውን ዘይት መልሶ አስቀመጠ። ተያይዘው ወጡ።

ጋሽ ይመር አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ! ዘይቶቹን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመሩ።

«እኔንም አታለውኝ ይሆናል። የሰው ሞተር ከማቃጥል ይቅርብኝ» አሉ።

ይሄኔ ብርጭቆውን ላስቀምጥ ስል ዘንበል አለብኝ... ዘይቱ አልፈሰሰም። እንደ ማር እየተጎተተ መጣ። ስንጨቃጨቅ በርዷል። ያው የጠዋቱ ዘይት ነው።

ዘይት ሲግል፣ ማርሽም ሲፈጨው እንደሚቀጥን፣ ሲበርድና ሲያርፍ ወደ ውፍረቱ እንደሚመለስ መንጃ ፈቃድ ስማር ተነግሮኛል። ንዴቴ ቀደመኝ።

እሳቸው አላዩም። ዝም ብዬ ልውጣ ብዬ ነበር... ምን እዋሻችኋለሁ። እግሬ እምቢ አለኝና ብርጭቆውን አሳየኋቸው። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። የሰሙህን ሰዎች ግን ማን ይመልሳቸዋል?»

መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። ገበሬዎቹን የጫነው የሐራ ሚኒባስ ሄዷል። ገበሬዎቹን የምታውቁ ንገሩልኝ፣ የጋሽ ይመር ዘይት ንጹሕ ነው፣ ያበድኩት እኔ ነኝ።

ዘይቱስ ሲበርድ ወደ ነበረበት ተመለሰ... የኔ ወሬ ግን ዛሬ ሐራ ገብቷል አሉ።