የሂርናዋ ፍየል አልበላም ስትል

የጭሮው ልብስ ሰፊ ብሩ ግራ የገባው በጥር ነው። ሚስቱ ዘርፈሽዋል ከታመመች ወዲህ ሆዷ የሚቀበለው የፍየል ወተት ብቻ ስለሆነ፣ ከሂርና ገበያ የምትታለብ ፍየል ገዛላት። በጋው ሣር የሚባል አላስተረፈም፤ ስለዚህ በሽምግልና ዕድሜው ዋንዛ ዛፍ ላይ ወጥቶ ለምለም ቅጠል መለመለ። ፍየሏ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ለከብት መኖ የሚተከለውን የሳስፓንያ ቅጠል አመጣ፤ እሱንም ናቀችው። ቅጠል የማትበላ ፍየል ምን ዓይነት ፍየል ናት? ጸለየላትም፤ ለፍየል መጸለይ ይፈቀድ አይፈቀድ ግን አላጣራም። በአራተኛው ቀን ወተቷ አንድ ስኒ አልሞላም።

ጎረቤቱ ሹክሪያ በአጥር ብቅ ብላ አየችና ሳቀች። "ጋሽ ብሩ፣ ወላሂ አልታመመችም። የሂርና ፍየል አይደለች? ለምዳው ነው፤ ገራባ ይስጧት።"

ገራባ ቃሚ መርጦ የጣለው የጫት ትራፊ ነው። ብሩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ጫትን ሲያወግዝ የኖረ። ከሦስት ዓመት በፊት ልጁ ኢዛና ሲቅም ቢያገኘው በዚያው ቀን ከቤት አባሮታል። ኢዛና ሚኤሶ ጎማ ይጠግናል ይባላል፤ በቤቱ ግን ስሙ አይነሳም።

በዪዋ ፍየሏ፣ ጠጪዋ ዘርፈሽዋል፣ ተሸካሚው እሱ። ኃጢአቱ የማን ነው? ቢያወጣ ቢያወርድ አልገባውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ጫት ተራ ሄደ። ጆንያውን ተሸክሞ ሲመለስ ፓስተር ህሩይ ገጠሙት።

"ምንድን ነው ወንድም ብሩ?"

"የፍየል ነው።"

"ሁሉም የፍየል ነው ይላል" ብለው አለፉ። እውነት ተናግሮ እንደ ውሸታም ማፈሩ ጭራሽ ግራ አጋባው።

ፍየሏ ጆንያው እስኪፈታ እንኳ አልታገሰችም። ብሩ ዘዴ ዘየደ፤ በየቀኑ ከገራባው ጭብጥ እየቀነሰ ዋንዛ ይጨምርበት ጀመር። ስታኮርፍ አባበላት፣ ቅጠሉን ስትረግጠው አራግፎ መለሰላት። በሃያኛው ቀን ዋንዛውን ብቻ በላች፤ ወተቷም ኩባያ ሞላ።

"አየሽ፣ በትዕግሥት አስተውኳት!" አለ ሚስቱን፣ ደስታው ፊቱን ሞልቶት።

ዘርፈሽዋል ኩባያውን አስቀመጠች። "ለፍየሏ ሃያ ቀን ሰጠሃት። ለኢዛና አንድ ቀን ነፈግኸው።"

ብሩ የያዘውን የዋንዛ ቅርንጫፍ መሬት አስቀመጠ።

"ስልክ ቁጥሩ ይኖርሽ ይሆን?" አለ።

"እንዴት አይኖረኝ? በየሳምንቱ ስደውልለት ነው የኖርኩት።"