ለሁለት ወር ብዬ የሰጠኋት ልጅ

የባሌ ታላቅ እህት ዛሬም በሕይወት አለች። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ስትታመም ብርቱካን ይዤ እጠይቃታለሁ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሷ» ትበቃታለች።

ነገሩ የሆነው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት ታይፒስት ሆኜ ተመድቤ ነበር፤ በከተማው አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ባሌን ያገኘሁት እዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ወላጆቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ከገረሴ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው ደጋ ይኖሩ ነበር። ታላቅ እህቱ ግን እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ቤቷም ከእኛ ቤት የሚለየው በሦስት አጥር ብቻ ነው። ሦስት አጥር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ልጄ እስክትወለድ ድረስ አላወቅሁም።

ልጄን ጠዋት ጠዋት ጓሮ በሳፋ አጥባትና በስስ ነጠላ ብቻ ሸፍኜ ማንጎው ሥር አስተኛታለሁ። የአርባ ምንጭን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። የባሌ እህት ጠየቀችኝ። በጓሮ በር ገብታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ምነው እቴ! የተነጨች ዶሮ አስመሰልሻት እኮ!»

«ሞቋት ነው እትዬ።»

«ሞቋት! ሕፃን ልጅ ሙቀት ያውቃል? እኔ አምስት ሳሳድግ፣ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንዱም ሰማይ አላየም።»

ከዚያ ልጄን አንስታ አፍንጫዋ ብቻ እስኪቀር ድረስ በጋቢ ጥቅልል አደረገቻት። እስክትሄድ ጠብቄ ፈታኋት። እንዲህ ስትጠቀልል፣ እኔ ስፈታ ወራት አለፉ። ልጄ አንገቷ ሥር ሽፍታ ሲወጣባት «ያ ውሃሽ ነው» አለችኝ። ጡት ሳጠባ ደግሞ ቆማ ታየኝና «አያያዝሽ እንዲህ ነው? ልጅ ነው የያዝሽው ወይስ የቢሮ ፋይል?» ትላለች። ሁልጊዜ ሰው ባለበት ነው የምትለው። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያንን ሳቅ ለራሴም ይቅር አላልኩም።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄን ቀን ቀን የሚጠብቁልኝ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የጋሞ ባልቴት ነበሩ። ደግ ሴት ነበሩ። የባሌ እህት ግን «ልጇን ሰው ደጅ ጥላ ታይፕ ትቀጠቅጣለች» ብላ ለገበያው ሁሉ አወራች። ለባሌ ስነግረው «አፏ ነው እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው» አለኝ። ስለ ባሌ ብዙ አልጽፍም።

ስለ ደገኞቹ ልማድ ግን መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። የባሌ ዘመዶች ቆላ የሚወርዱት ለሥራ ብቻ ነው። በቆሎውን አርመው፣ ገበያውን ገብይተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ላይ ይመለሳሉ። ቆላ ማደር ወባን መጋበዝ ነው ይላሉ። በተለይ ሕፃንን በወባ ወራት ቆላ ማቆየት ለእነሱ ልጅን ወንዝ ዳር ትቶ እንደ መሄድ ነው። እውነት የላቸውም አልልም። በዚያን ጊዜ አጎበር ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ወባ በየቤቱ ይገባ ነበር።

እኛም ቤት ገባ። ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሆናት፣ ጥቅምት ላይ፣ ገላዋ እንደ ምጣድ ነደደ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ክሎሮኪን ታዘዘላት። መድኃኒቱ መራራ ስለሆነ በስኳር በጥብጬ ስሰጣት ትተፋዋለች፤ እንደገና እሰጣታለሁ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ጡቷን ጠባች፣ ሳቀች። ይህን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ እኔ ልጻፈው፦ ልጄ በእጄ ድና ነበር።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አማቴ በጭነት መኪና ወርደው ደጃፌ ደረሱ። መልእክት የላከችባቸው የባሌ እህት ናት። አማቴ አማርኛቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ እኔም ጋሞኛ አልችልም። ስለዚህ መሐላችን ተቀምጣ የምትተረጉመው እሷ ነበረች። ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። አማቴ ልጄን ታቅፈው፣ እያዩኝ፣ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ልጅቷን ስጪኝ ነው የምትልሽ። የወባው ወር እስኪያልፍ። ሁለት ወር ናት።»

«ጡት እየጠባች እኮ ነው እትዬ።»

«እዚያ ላም አለ! ያንቺ ጡት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አብሮሽ ቢሮ ነው የሚውለው።»

አማቴ ቆላ አያድሩም። የመጡበት መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ላይ ይመለሳል፤ እሳቸውም አብረው መመለስ አለባቸው። እንግዲህ ስለ ልጄ እንዳስብበት የተሰጠኝ ጊዜ ምሳ ተበልቶ የመኪናው ጡሩምባ እስኪሰማ ድረስ ነበር። «ቆይ፣ ነገ እንነጋገር» አይባልም፤ ነገ አማቴ የሉም። ባሌን ወደ ጓዳ ጠራሁት።

«እናቴን ባዶ እጇን ልመልሳት?» አለ። «ደግሞ ልጅቷ እንደገና ብትታመም ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?»

ልብሷን በዘንቢል ከተትኩ። ጡሩምባው ሲነፋ አማቴ ልጄን አዘሏት፤ የባሌ እህት ዘንቢሉን ከእጄ ወሰደች። መኪናው ዘንድ እስክንደርስ ከኋላቸው ነው የተራመድኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባሌ በሌላ ወሬ መሐል እንደ ዋዛ አንድ ነገር ነገረኝ። ያን ቀን አማቴ ከተናገሩት ረጅም ነገር ውስጥ «እናትየዋም ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ትምጣ፤ ስትወልድ በወጉ አላረስናትም» የሚል ነበረበት። እህቱ አልተረጎመችውም። እሱም ቆሞ እየሰማ አላረማትም።

«ቢሮው አይፈቅድልሽም ብዬ ነው» አለኝ።

መከልከል ካለብኝ ቢሮው ይከልክለኝ ነበር።

ሁለቱ ወር አለፈ። ጡቴ ደረቀ። ጥር ላይ ልጄን ላመጣ ስሄድ «ሳል ይዟታል፣ እስኪለቃት» ተባልኩ። ሳሉ ሲለቃት የበልጉ ዝናብ ገባ፤ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ወባ አለ። «እስቲ ትጠንክር»፣ «እስቲ ጥርሷ ይሙላ»፣ «እስቲ በደንብ ትሩጥ»፤ ይህን ሁሉ የምታመጣልኝ የባሌ እህት ናት፤ ሁሉም ለአንድ ወር ብቻ ነበር። እኔ በየወሩ በገበያ ቀን በጭነት መኪና እወጣለሁ፤ አንድ ቀን አድሬ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስሄድ ታለቅስ ነበር። ቆይቶ ስመጣ ማልቀስ ጀመረች።

ሁለት ዓመት አልፏት፣ በጋው ገብቶ ወባው ሲቀንስ ባሌን ሳላማክር ወጣሁ። አማቴ አልተከራከሩኝም። በሶ ቋጠሩልኝ፣ ቅቤ በቅል አደረጉልኝ፣ ልጅቷን የሱፍ ሹራቧን አለበሷት።

«ልጅህ ነው፣ ውሰድ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዙረው ቆሙ፤ እስክንርቅ አልዞሩም።

ልጄ እኔ ዘንድ የቆየችው ዘጠኝ ቀን ነው። ሙቀቱ እያላባት ሹራቡን አላወልቅም አለች። እንጀራ ወደ አፏ ሳቀርብ ከንፈሯን ትገጥማለች። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል እየደጋገመች ለመነችኝ። ሙዝ ሰጠኋት፣ ወረወረችው። ወተት ሰጠኋት፣ ገፋችው። አሻንጉሊት አመጣሁ፣ አነሳኋት፣ ዘፈንኩላት። ለቅሶዋን የሰሙት ጎረቤቴ ባልቴቷ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ውሃ ነው የምትልሽ ልጄ» አሉኝ። «ውሃ ነው።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ሳታርፍ ጠጣችው።

በስድስተኛው ቀን የባሌ እህት መጣች። በጋሞኛ ጠራቻት። ልጄ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሮጣ ጭኗ ላይ ወጣች፤ ጆሮዋ ላይ ተለጥፋ አወራቻት።

«ምን አለችሽ?» አልኩ። አንቱ ማለቱ ጠፋኝ።

«እህ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው ቤቴ የምትመልሰኝ አለች።»

ትርጉሙ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ባልቴቷን ልጠይቅ እችል ነበር፤ ምናልባት እውነት ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የባሌ እህት ልጄን እያሻሸች ቀጠለች፦ «እይው እስቲ ክንዷን! ለመሆኑ ምን ትበላለች? ወይስ ፎቶ ልታነሺያት ነው ያመጣሻት?»

በዘጠነኛው ቀን ልጄ የሹራቧ አንገት ሰፍቷት ነበር። ማንም ውሰጃት አላለኝም። ባሌ ቢሮ ነበር። ራሴ አዝዬ ገበያው ዘንድ ሄድኩ፤ ራሴ መኪናው ላይ ወጣሁ። መንገዱ ወደ ላይ ሲዞርና ቀዝቃዛው ንፋስ ሲነካት ትከሻዬ ላይ ሆና ማውራት ጀመረች። ማን ጋ እንደምታወራ አላውቅም። የአማቴ ደጅ ስንደርስ ከጀርባዬ ወርዳ ሮጠች። አማቴ ወተት ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። በማግሥቱ ብቻዬን ወረድኩ።

የባሌ እህት በዚያው ሳምንት ቆጮና ጎመን በሳህን ይዛ መጣች። ባሌ ሳህኑን ተቀበላት። ጎረቤቶቹም ደጅ ላይ ነበሩ፤ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ይኸውልሽ፣ አሁን ለልጅሽ አሰብሽ! እናት ማለት እንዲህ ናት» አለች።

ሰዎቹ «እውነቷን ነው» አሉ። ከወለድኩ ጀምሮ ስለ እናትነቴ የሰማሁት የመጀመሪያው በጎ ቃል ይህ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ እዚያው ደጋ ኖረች። ያን ቀን ለባሌ እህት የምመልሰው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ በመኪናው ላይ ሳለሁ ቃል በቃል አዘጋጅቼው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ይቀመጡ» አልኳት፤ ወንበሩንም ስቤ ሰጠኋት።