ወንፊቷ እና የጋሼ ኮድ

ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» ይሏታል። ሥራዋ ኮድ መገምገም ነው። ሰዎች ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፉበት አንድ የጋራ ቋንቋ አለ፤ ባለቤት የለውም፤ የፈለገ ሁሉ ባለበት ሆኖ ቋንቋውን ለማሽኑ የሚተረጉመውን ፕሮግራም እያሻሻለ ይልካል። የተላከው ጥሩ ከሆነ «ይግባ»፣ ካልሆነ «ይመለስ» የምትለው እሷ ናት። የላኪው ስም አይታይም፤ ደንብ ነው። በደንብ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። የተዝረከረከ ኮድ አምጥተህ ብትለምናት፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች!

ይቺው ሴት ናት እንግዲህ አንዱን ላኪ ለወራት ስትሸፋፍን የኖረችው።

ስሙ ባይታይም አውቃዋለች። ከከባድ መስመር በላይ ሁሌ «ወዳጄ፣ እዚህ ጋ ቀስ በል» የሚል ማስታወሻ የሚተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ። ቋንቋውን ከጀመሩት አንዱ ነው፤ እሷንም ኮድ ያስተማራት እሱ ነው። ዘንድሮ ግን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ከዚያ የቤቱን መንገድ። ኮዱም አብሮት ተንገዳገደ። እሷ ማንም ሳያይ ታቃናውና «ይግባ» ትላለች። ፍቅር ነው ብላ ነበር። ፍቅርስ ነበር፤ ግን ሐኪሙም ሚስቱም «ሥራው ላይ እንኳ ደህና ነው» እያሉ የተጽናኑት በእሷ እርማት ነው።

አሁን የላከው ግን የሚቃና አይደለም። ፋይል ከፍቶ የሚዘጋውን ክፍል እንደ አዲስ ጽፎታል። ይከፍታል፣ መዝጋቱን ይረሳል፣ ያንኑ ፋይል እንደገና ይከፍታል። ይሄ ከገባ ስንቱ ሰው በቋንቋው የሠራው ፕሮግራም ደርቆ ይቆምበታል። ከተመለሰ ደግሞ ጋሼ ይሰበራል። ጨነቃት። በመጨረሻ፣ ራሱ አይቶ ያርመዋል በሚል ተስፋ ኮዱን ይዛ ቤቱ ሄደች።

የወንድሟ ሚስት በሩን ከፍታ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ ደህና ነው፤ ሲጽፍ ነው የዋለው። እባክሽ ሥራውን ብቻ እንዳይነኩበት፤ ሌላ ምን ቀረው?» አለቻት።

ላፕቶፗን ከፊቱ አደረገችለት። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት። ግራ ገባችኝ።»

መነጽሩን አደረገ። ምክር ሲጠየቅ ድሮም ደስ ይለዋል። እያነበበ ወረደ። የራሱ ማስታወሻ ጋ ሲደርስ፣ ያውቀው ይሆን ብላ ፊቱን አየች።

«ሰውዬው ጨዋ ነው» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተቀየረ። «ውይ! ከፍቶ አልዘጋም እኮ። እዚህም። ኧረ እዚህም! ሚጡዬ፣ ይሄ አንቺን ግራ ያጋባል እንዴ? መልሺው እንጂ።»

«ብመልሰው ይከፋዋል።»

«ይክፋዋ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ሰው ድሮ ጎበዝ ነበር፤ ያስታውቃል። አሁን ግን ደክሟል። ቤተሰብ የለውም? እንዴት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ አይነግረውም?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ፕሮግራመር በአንድ መስመር ስታባርር የኖረች ሴት፣ ወንድሟን «ሰውዬው አንተ ነህ» ማለት አቃታት። «እሺ ጋሼ» ብላ ጉንጩን ስማው ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አወጣች። አሁን ካላደረገችው መቼም እንደማታደርገው ገብቷታል። «ይመለስ» የሚለውን ነካች። ምክንያት በሚለው ቦታ እሱ ያላትን ጻፈች፤ ከፍቶ አይዘጋም። እንባዋ መጣ።

ቦርሳዋን እያነገተች ሳለ ከክፍሉ ጠራት። የተቆጣ ሳይሆን የደነገጠ ሰው ድምፅ ነው።

«ሚጡዬ! አልሄድሽም አይደል? ሥራዬን መለሱብኝ። ነይ እስቲ እዪልኝ፤ ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?»

ሚስቱ ከኮሪደሩ ማዶ ቀና ብላ አየቻት። እሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ ተመልሳ ገባች፤ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እውነቱን ከየት እንደምትጀምርለት ግን አላወቀችም።